የሚዛን ፓድ፣ የሚዛን ቦርድ፣ የወገብ ቀበቶ፦ ወገቡን ለሚያመው ስፖርተኛ የቱ ይሻላል?

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ፓዱን፣ ማለትም የሚቆሙበትን ወፍራም ፎም፣ ግዙ። ቦርዱ፣ ያ ከሥሩ ግማሽ ኳስ የመሰለ ነገር ያለው ሰሌዳ፣ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት፣ ግን መቆሙን ትታችሁ ተቀመጡበት፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ቀበቶው ይቅርባችሁ። ጊዜ ያለው አብሮኝ ይቆይ፣ ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል።

እሮጣለሁ፣ ኳስ እጫወታለሁ፣ ብረትም እነካካለሁ። ወገቤን ደግሞ ያመኛል። ሐኪሞች ከ12 ሳምንት በላይ የቆየ የወገብ ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል፣ የእኔ ያንን መስመር ካለፈ ቆይቷል። ኤምአርአይ ተነሣሁ፣ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም ተባልኩ። በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ወገባቸውን ከሚያማቸው 10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ አንድ የታወቀ ምክንያት ተለይቶ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ወገቡን የሚያመው ሰው 619 ሚሊዮን ይደርስ ነበር። እንግዲህ ይህን ከምታነቡት መሀል ወገቡን ይዞ የተቀመጠ አይጠፋም።

ሕመሙን ሰው ይለምደዋል። ግራ የሚያጋባው አብሮት የሚመጣው ነገር ነው። ካልሲ ለማጥለቅ በአንድ እግር ስትቆሙ እጃችሁ ግድግዳ ይፈልጋል። ኳስ ለመከተል ድንገት ስትዞሩ እግር ቀድሞ ይሄድና ወገብ ዘግይቶ ይደርሳል። ዘላችሁ ስታርፉ መሬቱ ካሰባችሁት ትንሽ ቀደም ብሎ ይመጣባችኋል። ጉልበቱም አለ፣ ትንፋሹም አለ፣ የገዛ ገላችሁ የት እንዳለ የሚነግራችሁ ወሬ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ተሳስቶ ይደርሳል። አሰልጣኝ ይህን ሲያይ «ትኩረት የለህም» ይላል። ኧረ ትኩረቱስ ነበር!

እስቲ ሥራው እንዴት እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ፣ ያለዚያ የዕቃዎቹ ጉዳይ አይገባም። ሰው ቆሞ የሚሄደው በሦስት ነገር ነው፦ በዐይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው ባለው የሚዛን አካል፣ እና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣው ስሜት። ሦስተኛውን ነው የመገጣጠሚያ ስሜት የምለው። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን አፍንጫችሁ ላይ የምታሳርፉት በእሱ ነው። ጡንቻ ውስጥ ርዝመትን የሚለኩ ጥቃቅን ተቀባዮች አሉ፣ ጡንቻው በተለጠጠ ቁጥር ለአንጎል ይናገራሉ። ወገብ ላይ ከእነዚህ ወሬ አድራሾች ዋነኞቹ ያሉት ጀርባ አጥንትን ተጠግተው በሚገኙት ጥልቅ ጡንቻዎች ውስጥ ነው፣ በተለይም መልቲፊደስ በሚባለው።

ወገብ ሲታመም ይህ ጡንቻ ይከሳል። ጉዱ ደግሞ ሕመሙ ሲለቅ እሱ በራሱ ጊዜ ተመልሶ አለመሙላቱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ ወገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በታመሙ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ሰዎቹ ድነናል ብለው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ጡንቻው ገና እንደከሳ ነበር። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሌላ ሥራ አለ። ጤነኛ ሰው እጁን በፍጥነት ብድግ ሲያደርግ ጥልቁ የሆድ ጡንቻው ከእጁ ቀድሞ ጠበቅ ይላል። ወገቡን የሚያመው ሰው ላይ ግን ያ ጡንቻ ዘግይቶ ይነሣል። የምናወራው ስለ ሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደለም፣ በሙሉ ፍጥነት ሮጦ አቅጣጫ ለሚቀይር ሰው ግን ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ የሚወስደን ሙከራ ይመጣል። ጡንቻ ላይ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ሲታሰር ርዝመት ለኪዎቹ ይሸወዳሉ፣ ጡንቻው ሳይለጠጥ ተለጠጠ ብለው ያወራሉ። ዐይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው የቁርጭምጭሚትን ወሬ የሚያደርሰው ባቱ ላይ ሲታሰርበት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ወገቡ ላይ ሲታሰርበት ወደ ፊት። በዚህ መንገድ ሰውየው ሲቆም የማንን ወሬ እንደሚያምን ማየት ይቻላል። የቤልጂየም ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው ሠርተውታል። ወገቡን የሚያመው ሰው አብዝቶ የሚያዳምጠው ቁርጭምጭሚቱን ነው፣ ወገቡን ጆሮ ነፍጎታል። ጤነኛው ሰው ለስላሳ ፎም ላይ ሲወጣ የቁርጭምጭሚት ወሬ እንደማያስተማምን ገላው ይገባዋልና ወደ ወገቡ ያደላል። ወገቡን የሚያመው ግን ፎም ላይም ቆሞ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሙጭጭ ይላል።

ፓዱን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፓዱ ማለት ሁለት እግር የሚያስቆም ወፍራም ፎም ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። የተለመደው መጠን ወደ 50 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ላብና ውሃ የማያስገባው ዓይነት ይሻላል፣ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ሲሆን ይሸታል፣ ቆይቶ ይለቀዋል። ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ ጫማ አውልቃችሁ በአንድ እግር ቁሙበት። ተረከዛችሁ ወለሉን ከነካ ዕቃው ሳሳ ያለ ነውና አትውሰዱት፣ ለስላሳ ምንጣፍ እንደ መግዛት ነው።

እንግዲህ በባዶ እግር ውጡበት። ሁለት እግር፣ ዐይን ገልጦ፣ ምንም የለም። በአንድ እግር ስትሆኑ ነገር ይጀምራል። ወደ እግራችሁ ዝቅ ብላችሁ ብታዩ ጣቶቻችሁ ፎሙን ጨብጠው ይዘውታል፣ በእግራችሁ ጀርባ ላይ ጅማቶቹ እንደ ክር ተወጥረው አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፣ ቁርጭምጭሚቱ ቀኝ ግራ ይራወጣል። ዐይን ሲጨፈን ሁሉም ይብሳል። ያኔ ወገባችሁን በእጃችሁ ንኩት። ድርቅ ብሏል። ከታች ያለው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ወገብ ግን ተቆልፎ እንደ አንድ ግንድ ቆሟል፣ ትንፋሽም አብሮ ተይዟል። ያሠራኝ የነበረው ፊዚዮቴራፒስት ሁለት ጣቱን በጀርባ አጥንቴ ግራና ቀኝ አድርጎ «ወንድሜ፣ ተንፍስ እንጂ! ማን ያዘህ?» ይለኝ ነበር። ትንፋሽ ስለቅ ወገቡ ይላላል፣ ወገቡ ሲላላ ጣቶቹም ፎሙን ይለቃሉ። ገርሞኝ ነበር፣ ምክንያቱም ከታች ያለውን መንቀጥቀጥ የሚያበርደው ከላይ ያለውን መፍታት ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስለዚህ ፓዱ ላይ ብዙ መቆየት ዋጋ የለውም። ዋናው አቋቋሙ ነው። ጣቶች ተዘርግተው፣ ትንፋሽ እየወጣ እየገባ፣ ወገብ ሳይቆለፍ። ይህ ሲሆን 20 ሰከንድም በቂ ነው። ሳይሆን ሲቀር አምስት ደቂቃ ብትቆሙ የምታሠለጥኑት ያንኑ የተለመደውን ማጭበርበሪያ ነው። ከዚያ ጭንቅላትን ቀስ ብሎ ማዞር ይጨመራል፣ ከዚያ ኳስ መወርወርና መቀበል፣ ከዚያ ዐይን መጨፈን። ግድግዳ አጠገብ ይሁን፣ ጀግንነት አያስፈልግም። የሴራሚክ ወለል ላይ ፓዱ ራሱ ሊንሸራተት ስለሚችል ከሥሩ የማያንሸራትት ነገር አንጥፉ። የፓዱ አንድ ጉድለት ደግሞ መለመዱ ነው። ከጊዜ በኋላ ያው ፎም ያው ልስላሴ ይሆናል፣ እናንተ ካልቀየራችሁ እሱ ራሱን አይቀይርም። ጠርዙም ቶሎ ይጎዳል፣ በተለይ ጫማ አድርገው የሚወጡበት ጓደኞች ካሏችሁ።

ወደ ቦርዱ እንምጣ። ክብ ሰሌዳ ነው፣ ከሥሩ ግማሽ ኳስ የመሰለ ነገር ያለው፣ በየትኛውም አቅጣጫ የሚያዘነብል። ጂም ውስጥ ሁሉም ሰው የሚወጣበት ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ያምራል፣ ቪዲዮ ላይም ይወጣል። ለወለምታ ደግሞ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ወልሞ ለሚያውቅ ስፖርተኛ የሚዛን ልምምድ ወለምታው እንዳይመለስ እንደሚረዳ በደንብ ተጠንቷል። ለወገብ ሲሆን ግን ቆሞ መሥራቱ ብዙም አልተዋጠልኝም። ቦርዱ ሲያዘነብል የሚመልሰው ቁርጭምጭሚት ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱን ቀድሞውኑ ከልክ በላይ እየተጠቀመበት ነው። ያንኑ መልሶ ማሠልጠን ምን ይባላል? ጎበዝ ትሆናላችሁ፣ ቦርዱ ላይ። ሜዳ ስትገቡ ወገባችሁ ያው ነው።

እና ተቀመጡበት። ስትቀመጡ ቁርጭምጭሚት ከጨዋታው ይወጣል፣ ሚዛን የሚጠብቀው ዳሌና ወገብ ብቻ ይሆናል። ይህ ከኪሴ ያወጣሁት ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከሥሩ ግማሽ ኳስ ባለው መቀመጫ ላይ አስቀምጦ ነበር፣ ከጤነኞቹ ይልቅ ሚዛን መጠበቅ ከብዷቸው ተገኘ፣ የወገብና የሆድ ጡንቻዎቻቸውም ዘግይተው ነበር የሚነሡት። ስለዚህ ቦርዱን ወለል ላይ አድርጉ፣ ፎጣ አጥፋችሁ ጣል አድርጉበት፣ ተቀመጡ፣ ጉልበት አጥፋችሁ ተረከዛችሁን ወለሉን ለመንካት ያህል ብቻ አሳርፉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፉ። ጠርዙ ወለሉን ሳይነካ መቆየት ነው ሥራው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው አንዱ ጎኔ ከሌላው ምን ያህል እንደሚዘገይ በግልጽ ተሰማኝ፣ በቆምኩበት ጊዜ ሁሉ ይህን ነገር ቁርጭምጭሚቴ ሸፍኖልኝ ኖሯል።

የዕቃው ጥራት ላይ፣ የእኔ ቦርድ ላዩ ላይ ያለው የማያንሸራትተው ልባጥ ቶሎ ተላጠ። ጠርዙ ወለሉን ሲመታም ድምፁ ታች ቤት ድረስ ይሰማል። ስትመርጡ ሥሩ ጎማ የለበሰውን ምረጡ።

ቀበቶው ላይ ብዙ አልቆይም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን በተመለከተ ባወጣው መመሪያ የወገብ ቀበቶና ድጋፍ በዘልማድ እንዳይሰጥ መክሯል። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ታስሮ ሳለ ቆዳን ስለሚጫን ወገብ የት እንዳለ ተጨማሪ ወሬ ይሰጣል፣ ለዚህ ነው ብዙዎች ስናስረው «ቀና አልኩ» የምንለው። ሲፈታ ግን ያም አብሮ ይፈታል። ክብደት አንሺዎች ከባድ ብረት ሲያነሡ የሚታጠቁት ቀበቶ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አሁን አላነሣም።

አንዳንዶች ስልክ ወገብ ላይ አስረው መወዛወዝን የሚለኩ አፖችን ይጠይቃሉ። ሞክሬያለሁ። ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቁጥሩ ደግሞ ደስ ይላል። ችግሩ «መወዛወዝ ባነሰ ቁጥር ይሻላል» የሚል መነሻ አለው። ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ከጤነኛው አብልጦ ይወዛወዛል፣ ሁሉም ጥናት ግን አንድ ዓይነት አይናገርም፤ አንዳንዱ ልዩነት አላገኘም። ሕመሙን ፈርቶ ራሱን እንደ ድንጋይ ያደረቀ ሰው ትንሽ ሊወዛወዝና ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በድርቀታችሁ የሚያመሰግናችሁ አፕ ምን ይሠራል?

ስልኩ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ማዘንበልን በዲግሪ የሚለካ ቀላል አፕ ክፈቱና ስልኩን ከወገባችሁ ዝቅ ብሎ ባለው አጥንት ላይ በመለጠጫ እሰሩት። ዐይን ጨፍናችሁ ዳሌያችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አድርሱ፣ መሀል አንድ ቦታ ቁሙ፣ ሰው ቁጥሩን ያንብብ። ከዚያ ጎንበስ ቀና በሉና ወደዚያው ቦታ ተመለሱ። ድጋሚ ይነበብ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመገጣጠሚያ ስሜታችሁ ስሕተት ነው። ላቦራቶሪ ውስጥም በተሻለ መሣሪያ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸው ነው። አንዴ ብቻ አትለኩ፣ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ። ደግሞ አንዴ ከልምምድ በፊት፣ አንዴ ደክማችሁ ስትመጡ ሞክሩት። የወገብ ጡንቻ ሲደክም ስሜቱ እንደሚደነዝዝ በጥናት ታይቷል፣ ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ። ወገቡን የሚያመው ተጫዋች ከረፍት በኋላ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ዘሎ የሚያርፍበት መንገድ ለምን እንደሚበላሽ ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ጉዳይ የወገብ ብቻ አድርገን እንዳናየው የሚያደርግ አንድ ጥናት ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 277 የኮሌጅ ስፖርተኞችን ለኳቸው፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ተከታተሏቸው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ልኬቱ ገላቸው በመጠኑ ከዞረ በኋላ ወደ መነሻው በትክክል ይመለሳሉ ወይ የሚል ነበር። ሴቶቹ ላይ ያንን ያጡት ኋላ ጉልበታቸውን ለመጎዳት የተጋለጡት ሆኑ። ወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ወገብ የት እንዳለ አለማወቅ ዕዳውን ጉልበት ላይ ሊጥል ይችላል ማለት ነው። ሌላም የሚገርም አለ። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኮሌጅ ስፖርተኞች ላይ የወጣ ሥራ የወገብ ጡንቻ መዘግየት ከወገብ ጉዳቱ በፊትም እንደነበረ አሳይቷል። ሕመሙ ነው ያዘገየው ወይስ መዘግየቱ ነው ያሳመመው? ምናልባት ሁለቱም፣ እንደ ሰዉ።

ወገቤ ዳነ ወይ ለምትሉ፣ አልዳነም። ቀለል ብሏል፣ የመነሣቱ ጊዜም ተራርቋል። ያንን ለፓዱ ብቻ አልሰጠውም፤ አብሬ የወገብና የዳሌ ማጠንከሪያ እሠራ ነበር፣ የሩጫ መጠኔንም ቀስ በቀስ ነበር የጨመርኩት። እ.ኤ.አ. በ2021 249 ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት ነው) ሥራ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን እንደሚያቀል ደምድሟል። ፎም ላይ መቆም ብቻውን ይህን ያደርጋል የሚል ሻጭ ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። በግልጽ የተለወጠብኝ ዘልዬ የማርፍበት መንገድ ነው። ካልሲዬን ግድግዳ ሳልይዝ አደርጋለሁ። ስዞር ወገቤ አብሮኝ ይዞራል።

እግራችሁ እየደከመ ወይም እየደነዘዘ ከሄደ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ ፓድም ቦርድም አይነካ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። ትኩሳት ያለው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ሌሊት ተኝቶ እንኳ ሕመሙ የማይለቀው ሰውም እንዲሁ መታየት አለበት።

ብረት የምትሠሩ ደግሞ፣ ፓዱ ላይ ቆማችሁ ከባድ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) አትሥሩ። የማይረጋ ነገር ላይ ጡንቻ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጉልበትም አታገኙም፣ ብረቱም ሊያዘነብልባችሁ ይችላል። ስኳቱን ደረቅ ወለል ላይ ጨርሱ፣ ፓዱን ከእሱ በፊት ገና ሳትደክሙ ተጠቀሙበት።